ሦስቱ ጃርቶች

ገርጂ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

እዝራዬ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። የመሥሪያ ቤታችሁ ሾፌር ተኽላይ ከሳሊተ ምሕረቱ ቢሮ መገናኛ ድረስ መጥቶ፣ እኔ የምሠራበት ፋርማሲ መስኮት ላይ ፖስታውን እንደ መድኃኒት ማዘዣ አስቀመጠልኝ። እርጥብ ቅጠል ቅጠል ይሸታል። እስክወጣ ድረስ መሳቢያ ውስጥ ከትቼው፣ ባለፍኩ ቁጥር እየከፈትኩ ሳሸተው ዋልኩ። ደህና መሆንህን ከማንበቤ በፊት በአፍንጫዬ ዐወቅሁ ብልህ ታምነኛለህ?

መልሴ ስለዘገየ ይቅር በለኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው። ሌላም ነገር ነበር፤ አሁን አልፏል፣ ወይም እያለፈ ነው።

አዎ፣ ካርዱን ወደምትጫወቱበት ቤት ሄጃለሁ። ከጁስ ቤቱ በላይ ያለችው ክፍል እንደነገርከኝ ናት፤ ደረጃው ጠባብ፣ መስኮቱ ሰፊ። ኣምደሚካኤልን ገና ሳየው ዐወቅሁት። ጣቶቹ ላይ ቀለም አለ። የካርዶቹን ሁሉ ሥዕሎች አንድ ሰው ብቻውን መሣሉን ሰምቼ ነበር፤ ዝምታውን ሳይ ነው ያመንኩት። አርባ ካርዶችህን አውጥቶ ሰጠኝ። አዲስ ፕላስቲክ ላልብስለት ብዬ እኔ ጋ ስላቆየኋቸው ተረፉ አለኝ። ስድስት ዓመት ያጠራቀምካቸውን የቀሩትን አባባ ከቆሻሻ ጋር እንዳወጡብህ ሰምቷል። ስለ እርሳቸው ክፉ አልተናገረም። «ካርዶቹ ከጠፉ እንደገና ይታተማሉ» ብቻ አለ።

ተጫወቺባቸው ስላልከኝ ተጫወትኩ። እስካሁን የገባኝን ልጻፍልህ፣ ከተሳሳትኩ አርመኝ። እያንዳንዳችን ሰባት በር ከፊታችን እንደረድራለን። ከእጃችን አውሬውንም ወፉንም ሰውንም በየተራ እያወጣን ግማሹን በራችን ላይ እናቆማለን፣ ግማሹን የሌላውን በር እንዲሰብር እንልካለን። ሰባቱም በር የተሰበረበት ተሸነፈ። ለመናገር ቀላል ነው። ባለፈው ቅዳሜ ውድድር ሦስት ጊዜ ተቀመጥኩ፣ ሦስት ጊዜ በር አልባ ሆኜ ተነሳሁ። መጨረሻ ላይ የገጠመችኝ ሱሀይላ የምትባል አርክቴክት ናት። በጣም በትሕትና ነው ያፈረሰችኝ።

«የእዝራ እህት ነሽ አይደል?» አለችኝ።

«ነኝ። ታላቁ ነኝ።»

«አያያዝሽ ይመስላል። አጨዋወትሽ ግን አይመስልም።»

ሳቅሁ። ወደ ቤት ስሄድ ዘንቦ ያባራበት ሰዓት ነበር። አንድ አውሮፕላን በኮንዶሚኒየሞቹ ጣሪያ ላይ ዝቅ ብሎ ወደ ቦሌ ሲያልፍ፣ ለአንድ አፍታ ከካርዶቹ አንዱ ያመለጠ መሰለኝ። ለምን እንደምቀጥል ብትጠይቀኝ፣ ካርዶችህን ስይዝ አንተ የተነሳህበት ወንበር ሙቀቱ ሳይጠፋ የተቀመጥኩበት ይመስለኛል።

ስለ አባባ ሁኔታ አንድም ቃል እንዳልጽፍልህ ከልክለኸኛል። እሺ። አልጻፍኩም።

ጌታ ይጠብቅህ።
እህትህ እንቁ


ከማሻ በላይ፣ ጫካው ውስጥ፣ ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

እንቁዬ፣

እዚህ ጧት የለም፤ ጉም ነው ያለው። አራት ሰዓት ገደማ ላይ ጉሙ ቀስ ብሎ ይነሳና ዛፎቹ ከእግራቸው ጀምረው አንድ በአንድ ይታያሉ። ሥራዬ እነርሱን መቁጠር ነው። በእያንዳንዱ ግንድ ላይ ቁጥር ያለበት ትንሽ ቆርቆሮ እሰካለሁ፣ ውፍረቱን እለካለሁ፣ እጽፋለሁ። ትናንት ሁለት ሺሕ አንድ መቶኛዋ ላይ ደረስኩ። ስተኛ በሕልሜ ዛፎቹ በር ይሆኑብኛል፤ እኔም ከመጀመሪያዋ ጀምሬ አንኳኳለሁ፤ የሚከፍት የለም፤ ግን አልፈራም።

ለምን እንደማልደውል ሳትጠይቂ አትቀሪም። ስልክ የሚሠራበት ኮረብታ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ያ ግን ሙሉው መልስ አይደለም። ስልክ ላይ ዝም ማለት አይቻልም። ወረቀት ላይ ይቻላል።

ተለውጬ እንደሆነም ትጠይቂያለሽ። አልተለወጥኩም። «በእኔ ቤት የአጋንንት ሥዕል አይኖርም» ያሉበት ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። የሃያ አምስት ዓመት ሰው ነኝ እኮ እንቁዬ። ካርዶቼን በማዳበሪያ ጆንያ ከተው ሲያወጡ አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብለው አላዩኝም። በአራተኛው ቀን ሳልሰናበታቸው የወጣሁት እኔም ዞር ላለማለት ነው። እባክሽ ይህን ርዕስ እንተወው። ክፉ ቃል ከወጣኝ ይቅር በይኝ፤ አንቺን አይደለም።

ወደ ሽንፈትሽ እንሂድ። ባለ ቀንዱን ካርድ በሁለተኛው ተራ ላይ አውጥተሽው ይመስለኛል። ስህተቱ እርሱ ነው። ባለ ቀንዱ ኃይለኛ ነው፣ ነገር ግን ብቻውን ሲወጣ ሁሉም እርሱን ብቻ ነው የሚመታው። መጀመሪያ ጉም ለባሿን አስቀምጪ፤ እርሷ ካለች ከኋላዋ ያለው አይታይም። ለሦስት ተራ ያህል ምንም አትስበሪ። ዝም ብለሽ የሱሀይላን እጅ እያየሽ ቆዪ። ስትቸኩል ካርዶቿን በአውራ ጣቷ ታስተካክላለች።

ደግሞ ጃርቶቹን ከካርዶቹ መሀል አስወግጃቸው። ሦስት ናቸው። ጃርት በር አይሰብርም፣ ቆሞ የነካውን ይወጋል እንጂ። ቦታ ይይዛሉ። እኔ ያስገባኋቸው ሥዕላቸው ስለሚያስቀኝ ነበር።

ከማን ጋር ነው የምትለማመጂው? ብቻሽን ሁለቱንም ወንበር እየተቀመጥሽ እንዳይሆን።

ወንድምሽ እዝራ


ገርጂ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ፣

ሁለት ቅዳሜ አሸነፍኩ! በተከታታይ! ሱሀይላን አይደለም፤ እርሷ ገና ሩቅ ናት። ግን ያልከው እውነት ነው፣ በአውራ ጣቷ ታስተካክላለች። ይህን ዐውቄም ተሸነፍኩ።

የልምምድ ጓደኛ አግኝቻለሁ። አንድ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ለጊዜው የሰፈር ሰው በላቸው። ቤት ውለው ስለሚሰለቻቸው ከሥራ ስመለስ ጠረጴዛው ጋ እንቀመጣለን። ካርዶቹን በግራ እጃቸው ነው የሚይዙት። ብዙ አይናገሩም፤ ቃል ሲያወጡ ከሩቅ ጉድጓድ ውኃ የሚቀዱ ይመስላል። እኔም ዝምታውን ለምጄዋለሁ። ጸሐይዋ በመስኮቱ ገብታ በካርዶቹ ላይ ትሄዳለች፣ ከሥር የታክሲ ረዳት «መገናኛ! መገናኛ!» ይላል፣ ሁለታችን ደግሞ ጉሙና ድልድዩ ያለበት አገር ውስጥ ነን። አንዳንዴ ሻዩ ቀዝቅዞ ነው የምንነቃው።

ጃርቶቹን አላስወገድኩም። እርሳቸው አልፈቀዱም። ላስወግዳቸው ስል እጄን ይዘው «ተዪ» አሉኝ። አጨዋወታቸው እንዴት እንደሆነ ብታይ! ስድስት በር እስኪሰበርባቸው ድረስ አይነኩህም። ስድስቱን ትሰብራለህ፣ ጨረስኳቸው ትላለህ። ሰባተኛው በር ላይ ስትደርስ ሦስቱም ጃርቶች ተደርድረው ይጠብቁሃል። የላክኸው ሁሉ እየተወጋ ይመለሳል። ከዚያ በቀስታ፣ በጣም በቀስታ፣ አንድ ሽመላ ያወጡና ያንተን በሮች አንድ በአንድ ይለቅማሉ። ሱሀይላ ብታያቸው የምታብድ ይመስለኛል።

ቀሚስ መግዛቴን፣ መክሳቴን፣ መወፈሬን ሁልጊዜ እንደምትጠይቅ ዐውቃለሁ። ትንሽ ከስቻለሁ። ድካም ነው እንጂ በሽታ አይደለም። ቤቱ ደህና ነው።

እንቁ


ጫካው ውስጥ፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

እንቁዬ፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ሽማግሌው የጻፍሽውን ማለቴ ነው። ካምፑ ውስጥ ካርድ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ለዛፎቹ ነገርኳቸው። ስድስት ዓመት ተጫውቼ ጃርቶቹን እንደዚያ አስቤያቸው አላውቅም። ሁላችንም ለመስበር ነበር የምንጫወተው።

ከዚያ ወዲህ እየተመላለሱ በሕልሜ ይመጣሉ። ፊታቸው አይታየኝም። ጉሙ ውስጥ ጠረጴዛ አለ፣ እርሳቸው በግራ እጃቸው ካርድ ያስቀምጣሉ፣ እኔ የያዝኳቸው ካርዶች ግን ባዶ ነጭ ናቸው። ሆኖም አይቸኩሉብኝም። ስነቃ ልቤ ቀለል ብሎኝ ነው።

ከተኽላይ ጋር አንድ ጠርሙስ የጫካ ማር ልኬያለሁ። ለእርሳቸው ነው። አንቺ ቀምሰሽ ብቻ ተዪላቸው። አንድ ልጅ ልኮልዎታል በያቸው።

አንድ ነገር ደግሞ ላስቸግርሽ። እዚህ የማናግረው ትልቅ ሰው የለኝም፣ የቤተ ክርስቲያናችንን ሰዎች ብጠይቅ ለአባባ ይደርሳል። እርሳቸው ስለማያውቁኝ ይሻላል። እንዲህ ብለሽ ጠይቂልኝ፦ አንድ ሰው አባቱን ሳይሰናበት ከቤት ወጣ። አባትየው በድለውት ነበር። ግን ልጁ በር ላይ ሲደርስ አባትየው «እዝ...» ብለው ሊጠሩት ጀምረው እንደነበር ሰምቷል፤ ሰምቶም ሄዷል። አሁን ቢመለስ ይቅርታ መጠየቅ ያለበት ማን ነው?

ያሉትን እንዳለ ጻፊልኝ። አታሳምሪው።

እዝራ


ገርጂ፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

እዝራ፣ ወንድሜ፣

ይህን ወረቀት አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ። ተቀመጥና አንብበው። ሰላምታዬ ዛሬ አጭር ነው፤ ይቅርታዬ ረጅም።

ትልቁ ሰው አባባ ናቸው።

አንተ ከሄድክ በሦስተኛው ሳምንት፣ መስከረም 14፣ ስትሮክ መታቸው። ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው አልታዘዝ አላቸው፤ ቃልም ጠፋባቸው። ሁሉን ይሰማሉ፣ ሁሉን ያውቃሉ፣ መናገር ሲሞክሩ ግን አፋቸው ባዶ ነው። ዐሥራ ስምንት ቀን ሆስፒታል ተኛን። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስጽፍልህ ቤት ከገቡ ሳምንታቸው ነበር። ተኽላይ ያውቃል፤ እንዳይነግርህ በጌታ ስም ለምኜው ነው፣ አትቆጣው።

ስለ እርሳቸው አትጻፊ ብለኸኝ ነበር። እውነቱን ልናገርና ክልከላህ ተመቸኝ፤ ከኋላው ተደበቅሁበት። ብነግርህ እንዳትቀር ፈራሁ። መጥተህም ሳትታረቁ እንዳትመለስ ፈራሁ። በሁለቱ ፍርሃት መሀል ወራት አለፉ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ሥዕል እያሳየሁ ስሙን እንዳስጠራቸው ነግራኝ ነበር። ኩባያ፣ ጫማ፣ ቁልፍ። ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። አስበው፣ አባባ፣ ቆመው የሚሰብኩት ሰውዬ፣ ኩባያ በል ሲባሉ። አንድ ቅዳሜ ኅዳር ላይ፣ አንተ የጻፍክልኝን ለመሞከር ካርዶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ነበር። እንዳያዩ መደበቅ ነበረብኝ፤ ደክሞኝ ተውኩት። ከወንበራቸው ጎንበስ ብለው በግራ እጃቸው አንዱን አነሱ። ይቀድዱታል ብዬ ነበር።

«ጃ...» አሉ። «ጃርት።»

«ምን አሉ አባባ?»

«ጃርት። እንሰት... በላ። የእናቴን... እንሰት።»

ከዚያ ሳቁ እዝራ። ግማሽ ፊታቸው ብቻ ነው የሚስቀው፣ ግን ሳቁ። ሆሳዕና ከተማ ልጅ ሳሉ ጃርት የጨረሰባቸውን ጓሮ አስታውሰው ነው። ሃምሳ አራት ቀን ሙሉ አንድ ቃል ያልወጣው አፍ! እኔ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ስመለስ ሌላ አንስተው ይጠብቁኛል። ሽመላ። ድልድይ። ጉም። ባለ ቀንዱ ላይ ሲደርሱ ብዙ ካዩት በኋላ ቀስ አድርገው ደፉት። በሳምንቱ ራሳቸው ገለበጡትና «በሬ... ይመስላል» አሉ። እንዲህ ነው መጫወት የጀመርነው።

ደብዳቤዎችህን ሁሉ አንብቤላቸዋለሁ። «አልተለወጥኩም» ያልከውንም ጭምር፤ መዝለል አልቻልኩም፣ ዓይኔን ያዩ ነበር። ማሩን ከማን እንደሆነ አልጠየቁኝም። ጠርሙሱን ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው አጠገብ አስቀምጠውታል።

ጥያቄህንም አነበብኩላቸው። በሦስተኛው ቀን ጧት ወደ ሥራ ልወጣ ስል በከዘራቸው በሩን ያዙብኝና፣ ላብ እስኪያጠምቃቸው ታግለው እንዲህ አሉኝ፦ «ጠያቂው... እኔ... ነኝ።»

አታሳምሪው ብለኸኛል። አላሳመርኩትም።

እንቁ


ጫካው ውስጥ፣ መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

እንቁ፣

ተቆጥቼሻለሁ። ከዚያ ደግሞ በራሴ ተቆጥቻለሁ። ለማያውቁኝ ሽማግሌ ብዬ ልቤን ከፍቼ... ምን ልበልሽ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ዛፍ ሁለት ጊዜ ስቆጥር ከረምኩ።

ተኽላይ ሲመለስ ጎኑ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ቦርሳዬን ይዤ መኪናው ድረስ ሄጃለሁ። «ትገባለህ?» አለኝ። ዝናብ ይዘንብ ነበር፣ መጥረጊያው ወዲያ ወዲህ ይላል፣ እኔ እርሱን እያየሁ ቆምኩ። «በሚቀጥለው» አልኩት። ምን ፊት ይዤ ነው የምገባው? በጥር ማር የሚልክ ልጅ ነበርኩ። በመስከረም ግን የት ነበርኩ?

አትጠይቂኝ። ገና ነኝ። ለአንቺ ግን ይህን ልጻፍ፦ ይቅር በይኝ። ከስቻለሁ ስትይኝ ድካምሽን ማንበብ ነበረብኝ።

ሰላም በያቸው። ሌላ የሚሆን ቃል አላገኘሁም።

እዝራ


ገርጂ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

እዝራዬ፣

ሰላምታህን ነግሬያቸዋለሁ። «ደህና... ይሁን» አሉ፣ ቀኑን ሙሉም እየደጋገሙ።

ተኽላይ ዘግይቶ ባመጣት ቁራጭ ወረቀት የጠየቅኸኝን ለመመለስ፣ እኔም ገና በቅርቡ ነው ያወቅሁት። አባባ ስትሮኩ መቷቸው ሲወድቁ የት እንደነበሩ ማለቴ ነው። ለጧት ጸሎት ወጥተው መንገድ ላይ ይመስለኝ ነበር፤ ያመጧቸው ሰዎችም ከመንገድ አነሳናቸው ነው ያሉኝ። ባለፈው ሳምንት ፍሬ የምትባል ሴት ፋርማሲ መጣች። የሰፈራችንን ቆሻሻ የሚሰበስበው ማኅበር አስተባባሪ ናት። ጓንት ስሰጣት አየችኝና «አባትሽ እንዴት ናቸው?» አለችኝ። ከየት እንደምታውቃቸው ስጠይቃት ተገረመች፤ እርሳቸው የነገሩኝ መስሏት ነበር።

አንተ በሄድክ ማግሥት ቆሻሻው ወደሚጠራቀምበት ቦታ መጥተው፣ በሙሉ ልብሳቸው፣ ጆንያ እየከፈቱ ያዩ ነበር አለች።

«አባት፣ ምን ጠፋብዎት?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«የልጄ ወረቀቶች» አሏት። «ሥዕል አለባቸው።»

መኪናው ከወሰደው ቀናት እንዳለፉት ነገረቻቸው። ገባቸው። ግን በማግሥቱም መጡ፣ በማግሥቱም። ሴቶቹ አዝነው አብረዋቸው ይፈልጉ ነበር። በዓሉን ብቻ ቀርተው እንደገና መጡ። መስከረም 14 ጧት እዚያው ጆንያ እንደያዙ ወደቁ። ፍሬ ናት ጭንቅላታቸውን ደግፋ የቆየችው። ለቤተሰብ ያን ቦታ መንገር ያሳፍራቸው ይሆናል ብላ ነው ሰዎቹን ከመንገድ አነሳናቸው በሉ ያለቻቸው።

አንድም ካርድ አልተገኘም እዝራ። ከእንግዲህ ምንም አልደብቅህም።

አሁን ደግሞ ደስ የሚለውን። አቶ አብዲሳ ከቤተ ክርስቲያን ሊጠይቋቸው መጥተው ካርዶቹን ጠረጴዛው ላይ አዩ። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። «ወንድም ኤርሳዶ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አሉ። አባባ ካርዶቹን በግራ እጃቸው ሸፈን አድርገው «ትምህርት... ቤቴ» አሏቸው። አቶ አብዲሳ ሲጸልዩ ቆይተው፣ ሊሄዱ ሲሉ «ያቺ ወፍ ምንድን ናት?» ብለው ጠየቁ። አባባ ስለ ሽመላ ያስረዷቸው ግማሽ ሰዓት ፈጀ፤ ሁለቱም አልቸኮሉም።

ኣምደሚካኤልም መጥቶ ነበር። እጁን ሲጨብጡት «አንተ... ነህ?» አሉት፣ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ቀለሙ ያለበትን ጣቱን አልለቀቁትም። ተጫወቱ። ሦስቱ ጃርቶች አሸነፉት! ሲወጣ ከኪሱ የውድድሩን መመዝገቢያ ወረቀት አወጣና «አቶ ኤርሳዶ» ብሎ ጻፈ። የዓመቱ ትልቁ ውድድር ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ሚያዝያ 25፣ ቅዳሜ፣ ቦሌ የተከራየው አዳራሽ ውስጥ። እኔም ተመዝግቤያለሁ። አባባ ከረባት እንዳስርላቸው ከአሁኑ ነግረውኛል። እኔ ካርዶችህን ይዤ እገባለሁ፣ እርሳቸው ኣምደሚካኤል ባተመላቸው ይገባሉ።

ና አልልህም። መኪናው ዓርብ ማለዳ ከካምፑ እንደሚነሳ ተኽላይ ነግሮኛል። ይህን የጻፍኩት ለወሬ ያህል ነው።

እንቁ


ጫካው ውስጥ፣ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

እንቁዬ፣

ደህና ገብቻለሁ። ጅማ ላይ አድረን፣ ከማሻ በኋላ ያለው መንገድ ጭቃ ስለሆነ ሁለት ጊዜ ወርደን ገፍተናል። ጉሙ እንደተውኩት ነው። ሦስት ቀን ብቻ ነው የነበርኩት፤ ግን ዛፎቹ ሲያዩኝ የት ጠፍተህ ነው የሚሉ ይመስላል።

መጀመሪያ ያንቺን። አዳራሹ በር ላይ ስደርስ ጀርባሽን ሰጥተሽ ከሱሀይላ ጋር ግማሽ ፍጻሜ ላይ ነበርሽ። ልጠራሽ ፈልጌ ተውኩት፤ ብታይኝ በእኔ ምክንያት ትሸነፊያለሽ ብዬ። ሳታይኝም ተሸነፍሽ። ግን ሁለት በር ብቻ ነው የቀራት! ባለ ቀንዱን ስድስተኛው ተራ ድረስ ማቆየትሽን ከበሩ ሆኜ አይቻለሁ። እኔ እንደዚያ አልታገስም ነበር። ከእንግዲህ ካርዶቹ ያንቺ ናቸው።

ስለ ክረምቱ ጠይቀሻል። አለቃዬ ፈቅዷል። ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ ጫካው ስለማያስገባ ሦስት ወር ሳሊተ ምሕረት ቢሮ ቁጭ ብዬ የሰበሰብኩትን እጽፋለሁ። ማክሰኞና ሐሙስ ፊዚዮቴራፒ የምወስዳቸው እኔ ነኝ። አንቺ በእነዚያ ቀናት ከሥራ ስትወጪ ወደፈለግሽበት ሂጂ። ወደ ቤት እንዳትቸኩዪ። ስምንት ወር ብቻሽን የተሸከምሽውን በሦስት ወር አልመልሰውም፤ ዐውቃለሁ።

አሁን ሁለት ጊዜ የጠየቅሽኝን ልመልስ። እኔ ቤት ሳለሁም ጠይቀሽኝ «ምንም» ብዬሽ ነበር። ጨዋታሽን ጨርሰሽ ስትዞሪ ከአባባ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን አየሽን፤ ምን ተባባላችሁ ትያለሽ።

የመጀመሪያውን ዙር አሸንፈው በሁለተኛው ወድቀው ነበር አይደል? ጥጉ ላይ፣ መስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ግራጫ ሙሉ ልብሳቸው፣ ከረባታቸው። ከስተዋል እንቁዬ፣ አንገታቸው ከኮሌታው ውስጥ ይንሳፈፋል። የአዳራሹ ጫጫታ ሁሉ ከሩቅ ነበር የሚሰማኝ፤ ጭንቅላቴ ውኃ ውስጥ የገባ ይመስል። ከማሻ እስከ ቦሌ ድረስ የምላቸውን ሳዘጋጅ ነበር የመጣሁት። ተኽላይ ራሱ በቃሉ ይዞታል። ፊታቸው ያለውን ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ቀና ብለው አዩኝ። የደነገጡ አይመስሉም። ሲጠበቅ እንደነበረ ሰው ነው ያዩኝ።

«አባባ፣ እኔ...» ብዬ ጀመርኩ።

ግራ እጃቸውን አነሱ። ካርዶቹን ወደ እኔ ገፋ አደረጉ። ሁለት ቦታ ከፍለው ነበር፤ አንዱ የእኔ ነው ማለት ነው። በሮቼን ደረደርኩ። ሁለቱ ወደቁብኝ፤ እስካነሳቸው ጠበቁኝ። እርሳቸው መጀመሪያ አንዱን አወጡና አስቀመጡ። እኔ ካርዶቼን እያየሁ አላያቸውም ነበር። ዓይኔ ሞልቶ ቀለሙ ሁሉ ተደባልቋል። ሊያለቅስ የመጣ ትልቅ ሰው ሰው መሀል ተቀምጦ ምን ያደርጋል?

«ተራህ... ነው» አሉኝ።

ቁጣ የለበትም። ይቅርታም፣ ምክርም የለበትም። ተራዬ ስለነበር ነው። አንድ ካርድ አወጣሁ። አወጡ። አወጣሁ። እንዲሁ ቀጠልን። የትኛውን እንዳስቀመጥኩ ብትጠይቂኝ አላስታውስም፤ ለማሸነፍ ግን ሞክሬያለሁ። አዝኖላቸው ለቀቀ እንዳትይኝ። አባባም እንደዚያ ቢያስቡ ይቆጡ ነበር። ስድስቱንም በራቸውን ሰብሬ፣ ተሸነፍኩ።

ሲያልቅ ካርዶቹን መሰብሰብ ጀመሩ። አርባ ካርድ፣ በአንድ እጅ፣ አንድ በአንድ እያነሱ ጫፋቸውን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ያስተካክላሉ። ልረዳቸው እጄን ስዘረጋ ራሳቸውን ነቀነቁ። ብዙ ጊዜ ይፈጃል። አዳራሹ ውስጥ ለሱሀይላ ይጨበጨብ ነበር፣ ወንበር ይነሳል፣ ሰዎች እየተሰነባበቱ ይወጣሉ።

እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እስኪጨርሱ ጠበቅኋቸው።

ወንድምሽ እዝራ